85 ማለት ከመቶ 85 አይደለም፦ በሊቶኒያ የሚማሩ ልጆችና የትምህርት ችግር ምዘና

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በሊቶኒያ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከልጁ ትምህርት ቤት ፖስታ ደረሰው እንበል። ልጁ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ከጓደኞቹ ጋር በእንግሊዝኛ ይጫወታል፣ ይቀልዳል፣ ይከራከራል፤ መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ዝም ይላል። በፖስታው ውስጥ ያለው ወረቀት ልጁ የሥነ ልቦናና የትምህርት ምዘና እንዲደረግለት የወላጆቹን ፈቃድ ይጠይቃል። እናቱ «ልጄን አእምሮው ደካማ ነው ሊሉብኝ ነው» ብላ ትሰጋለች። አባቱ «ቋንቋው ነው፤ ሲለምድ ይስተካከላል» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የሁለቱም ሐሳብ መሠረት አለው፤ ሁለቱም ግን ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ሊቶኒያ ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ በዲካልብ ካውንቲ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ ድንጋይ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ታሪኳም ከግራናይት ማውጫዎቿ ጋር የተያያዘ ነው። በእርሷና በአቅራቢያዋ ባሉት በስቶን ማውንቴንና በክላርክስተን ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ልጅ በትምህርቱ ሲቸገር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ የቸገረው መማር ነው ወይስ ቋንቋው? ምዘናው በትክክል ከተካሄደ ይህን ጥያቄ ሊመልስ ይችላል። በስህተት ከተካሄደ ደግሞ የተሳሳተውን መልስ በቁጥር አስደግፎ ያቀርበዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

ምዘናው አንድ ፈተና አይደለም። በመጀመሪያ የልጁ ዐይንና ጆሮ ይመረመራል፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ ትኩረት የሌለው መስሎ ሊታይ ስለሚችል ይህ ቀላል የሚመስል ደረጃ ሊዘለል አይገባውም። ከዚያ የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ልጁን በክፍል ውስጥ ይመለከተዋል፣ ወላጆቹንና መምህራኑን ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ከልጁ ጋር ለብቻው ተቀምጦ ብዙውን ጊዜ በተለያዩ ቀናት የሚከፋፈሉ ፈተናዎችን ይሰጠዋል። ከፈተናዎቹ አንዱ ዓይነት የማሰብ ችሎታን፣ ሌላው ዓይነት ደግሞ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ የተደረሰበትን ደረጃ ይለካል።

የማሰብ ችሎታን ከሚለኩት በሰፊው የሚታወቀው የዌክስለር የልጆች ፈተና ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1949 ሲሆን አምስተኛው እትም በ2014 ወጥቷል። ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው፤ በቃላት የመረዳት፣ ቅርጽን የማየት፣ አዲስ ችግርን የመፍታት፣ መረጃን ለአጭር ጊዜ በአእምሮ የመያዝና በፍጥነት የመሥራት ችሎታን ለየብቻ ይመዝናል።

በውጤት ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ኢትዮጵያዊ ወላጅን በቀላሉ ያሳስታል። በአገር ቤት ትምህርት ቤት 85 ያገኘ ልጅ ይሸለማል። በዚህ ወረቀት ላይ ግን 85 ማለት ከመቶ ጥያቄ 85ቱን መለሰ ማለት አይደለም። ፈተናው የተሠራው የእኩዮች አማካይ 100 እንዲሆን፣ ከአማካዩ የመራቅ መለኪያውም 15 ነጥብ እንዲሆን ተደርጎ ነው። ከመቶ ልጆች 68 ያህሉ በ85 እና በ115 መካከል ያርፋሉ፤ ከ70 በታች የሚሆኑት ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ 85 ያገኘ ልጅ ከመቶ እኩዮቹ 16 ያህሉን ብቻ ይበልጣል፤ 84ቱ ይቀድሙታል። ስብሰባው ላይ «85» ሲባል ሰምቶ ደስ ብሎት የሚወጣ ወላጅ የተነገረውን ሳይረዳ ወጣ ማለት ነው።

ማንኛውም መለኪያ ስህተት አለው። የዌክስለር ጠቅላላ ውጤት እንኳ ግራና ቀኝ ስድስት ነጥብ ያህል ሊወዛወዝ እንደሚችል ተቆጥሮ ነው የሚነበበው፤ ጥሩ ሪፖርት ነጠላ ቁጥር ሳይሆን «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ክልል ያስቀምጣል። ይህ ዓይነቱ ስህተት አያስፈራም፤ አንድ ቀን ወደ ላይ፣ ሌላ ቀን ወደ ታች ይላል። የሚያስፈራው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ባዶው ሚዛን ላይ አስቀድሞ አንድ ድንጋይ ከተቀመጠ ዕቃው መቶ ጊዜ ቢመዘን መቶ ጊዜም በተመሳሳይ መጠን ይሳሳታል፤ ውጤቱ ስለማይለዋወጥም ትክክል ይመስላል። በሁለት ቋንቋ መካከል ላለ ልጅ የፈተናው ቋንቋ እንዲህ ያለ ድንጋይ ነው።

የቁጥሮች ርዝመትና ሌሎች ወጥመዶች

የዌክስለር አምስተኛ እትም የተመሠረተው በ2200 የአሜሪካ ልጆች ውጤት ላይ ነው። 100 የተባለው አማካይ የእነርሱ አማካይ ነው። ለስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች ራሱን የቻለ ቅጂ አለ፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ግን አሳታሚው እንዲህ ያለ ቅጂ አላወጣም። «ታዲያ አስተርጓሚ ተቀምጦ ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ ቢመልሳቸውስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ፈተናው ከተተረጎመ በኋላ ያው ፈተና ሆኖ አይቀጥልም።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። በአጭር ጊዜ የማስታወስ ፈተና መዛኙ ቁጥሮችን በተከታታይ ይጠራል፤ ልጁ በቅደም ተከተል ይደግማቸዋል። በእንግሊዝኛ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ካሉት ቁጥሮች፣ ከሰባት በቀር፣ ሁሉም ባለ አንድ ቀለም ቃላት ናቸው፤ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር» እየተባሉ በአፍታ ይጠራሉ። በአማርኛ ግን ከ«አንድ» እና ከ«ሦስት» በቀር ሁሉም ሁለት ሁለት ቀለም አላቸው፦ ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። አእምሮ በአጭር ጊዜ የሚይዘው የድምፅ መጠን ውስን ስለሆነ ለመጥራት ረዘም የሚሉ ቃላት ቦታውን ቶሎ ይሞሉታል። ኤሊስና ሄነሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 ባወጡት ጥናት ይህንኑ በዌልሽና በእንግሊዝኛ ቁጥሮች አሳይተዋል፤ የዌልሽ ቁጥሮች ለመጥራት ረዘም ስለሚሉ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩት ሰዎች በዌልሽ የሚይዟቸው ቁጥሮች ያንሱ ነበር። እንግዲህ ስድስት ቁጥር በአማርኛ ደግሞ ያቆመን ልጅ ስድስት ቁጥር በእንግሊዝኛ ከደገመ ልጅ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ማወዳደር ፍትሐዊ አይሆንም።

አስተዳደግም የራሱ ድርሻ አለው። ዐዋቂ ሲጠይቅ አጭር መልስ መስጠት፣ ዐይን ለዐይን አለማየት፣ የማያውቁትን ከመገመት ዝም ማለት በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤቶች ጨዋነት ነው። ፈተናው ግን ልጁ ማብራሪያ እየጨመረ እንዲናገር፣ ባያውቅም እንዲሞክር፣ በሰዓትም እንዲሽቀዳደም ይጠብቃል። ዝምታው እንደ አላዋቂነት ይመዘገባል። በሥዕልና በቅርጽ ብቻ የሚሰጡ ቃል አልባ ፈተናዎች ይህን ጫና ይቀንሳሉ፤ ፈጽሞ ግን አያጠፉትም። እንዲህ ያሉ የቅርጽ እንቆቅልሾችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲጫወት ያደገና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያቸው ልጅ እኩል አይነሡም።

አሜሪካ ይህን ትምህርት የተማረችው በልጆች ዋጋ ነው። አልፍሬድ ቢኔ በ1905 በፓሪስ የመጀመሪያውን ፈተና ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሲያወጣ ዓላማው እርዳታ የሚሹ ተማሪዎችን መለየት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሄንሪ ጎዳርድ ያንኑ ዓይነት ፈተና ኤሊስ ደሴት ላይ ለሚወርዱ ስደተኞች በአስተርጓሚ እያስፈተነ ከተፈተኑት አብዛኞቹን «የአእምሮ ደካሞች» ብሎ ፈረጃቸው። በካሊፎርኒያ ደግሞ በቤታቸው ስፓኒሽ የሚናገሩ ዘጠኝ ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባቸው ተብለው በልዩ ክፍል ተቀመጡ። ጉዳዩ በ1970 ፍርድ ቤት ቀርቦ ልጆቹ በሁለቱም ቋንቋ እንደገና ሲፈተኑ ውጤታቸው በአማካይ 15 ነጥብ ያህል ከፍ አለ፤ አብዛኞቹም ከመቁረጫው ነጥብ በላይ ሆነው ተገኙ። ከላይ እንደተባለው 15 ነጥብ ማለት ከአማካዩ የመራቅ አንድ ሙሉ እርምጃ ነው።

ኢትዮጵያውያን ልጆች የታዩበት ጥናት

ስለ ኢትዮጵያውያን ልጆች በቀጥታ የተሠራ ማስረጃ የሚገኘው ከእስራኤል ነው። በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ልጆች በተለመደው ፈተና ዝቅተኛ ውጤት እያገኙ የትምህርት ባለሙያዎችን አሳስበው ነበር። የሥነ ልቦና ሊቁ ሮይቨን ፎየርስታይንና ባልደረቦቹ ግን ጥያቄውን ለወጡት። «ይህ ልጅ አሁን ምን ያውቃል?» ከማለት ይልቅ «አሁን ብናስተምረው ምን ያህል ይማራል?» ብለው ጠየቁ። በዚህ ዘዴ ልጁ ይፈተናል፤ ከዚያ መዛኙ ራሱ የችግሩን አፈታት በአጭሩ ያስተምረዋል፤ ከዚያ እንደገና ይፈተናል። የሚመዘነው በሁለቱ መካከል ያለው ለውጥ ነው።

ዴቪድ ዙሪኤልና ካውፍማን በ1999 ባሳተሙት ጥናት 29 ከኢትዮጵያ የመጡና 23 በእስራኤል የተወለዱ የአንደኛ ክፍል ልጆችን አወዳደሩ። በተለመደው የቅርጽ ፈተና የኢትዮጵያውያኑ ውጤት ያነሰ ነበር። በሁለተኛው ዓይነት ምዘናም ከትምህርቱ በፊት ዝቅ ብለው ጀመሩ፤ ከአጭር ግን ጠንካራ ማስተማር በኋላ ግን ከሌሎቹ የበለጠ ተሻሽለው ልዩነቱን አጠበቡት። የተጠኑት ልጆች ጥቂት መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ብቻ የተፈተነ ልጅ ያልተማረውን እንጂ መማር የማይችለውን አላሳየም። የሊቶኒያ ወላጅ ይህን ምዘና በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ባይችል እንኳ «ልጄ ሲያስተምሩት በምን ያህል ፍጥነት ይይዛል?» ብሎ መምህሩንና መዛኙን መጠየቅ ይችላል፤ ከብዙ ቁጥሮች የሚሻል ጥያቄ ነው።

«ቋንቋው ነው» የማይባልበት ጊዜ

እስካሁን የተባለው የእናትየውን ስጋት የሚደግፍ ይመስላል። የአባትየው ስህተት ግን ያንኑ ያህል ይጎዳል፤ ምናልባትም በበጎ አሳቢዎች ዘንድ ይበልጥ የተለመደው እርሱ ነው።

የካናዳው ምሁር ጂም ከሚንስ በሁለት ቋንቋ የሚማሩ ልጆችን ሁኔታ ሲመረምር የጨዋታ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ እንደሚለያዩ አሳየ። ልጅ በሜዳ የሚያስፈልገውን እንግሊዝኛ በሁለት ዓመት ገደማ ይይዛል፤ መጽሐፍ የሚያስነብበውን እንግሊዝኛ በእኩዮቹ ደረጃ ለመያዝ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሊወስድበት ይችላል። መምህር ልጁ ሲቀልድ ሰምቶ «እንግሊዝኛውንስ ያውቃል፤ ችግሩ ሌላ ነው» ቢል ሊሳሳት ይችላል። በሌላ በኩል ይህንኑ እውነት ይዞ «ሰባት ዓመት እንጠብቅ» ቢባል በእርግጥ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ የንባብ ትምህርት የሚሰጥበትን ዘመን በሙሉ ያለ እርዳታ ያልፈዋል።

ሁለቱን ለመለየት ዋናው ቁልፍ ያለው በቤት ውስጥ ነው። እውነተኛ የመማር ችግር ቋንቋ አይመርጥም፤ በእንግሊዝኛ ከታየ በአማርኛም ምልክቱ ይኖራል። ምልክቱ ግን መልኩን ሊቀይር ይችላል። በእንግሊዝኛ መጨረሻቸው በተመሳሳይ አራት ፊደላት የሚጻፉ ቃላት አንዱ «ታፍ»፣ አንዱ «ኮፍ»፣ አንዱ «ስሩ»፣ አንዱ «ዶው» ተብሎ ይነበባል። የአማርኛ ፊደል ከዚህ ይልቅ ታማኝ ነው፤ «ገና» እና «አለ» ላልተው ወይም ጠብቀው ሲነበቡ ትርጉማቸው ይለወጣል እንጂ አብዛኛው ቃል እንደ ተጻፈ ይነበባል። እንደ ጀርመንኛ ባሉ ጽሕፈታቸው ከድምፃቸው ጋር በተስማማ ቋንቋዎች የተደረጉ ጥናቶች ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች ብዙ እንደማይሳሳቱ፣ ነገር ግን እጅግ በዝግታ እንደሚያነቡ አሳይተዋል። ስለዚህ «በአማርኛ ሲያነብ አይሳሳትም» ብሎ መደምደም አይበቃም፤ በምን ያህል ጊዜ እንዳነበበም መታየት አለበት። ከሁለት ዓመት የፊደል ትምህርት በኋላ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ እየቆጠረ የሚያነብ ልጅ ለመዛኙ ትልቅ መረጃ ይዞለታል።

በአሜሪካ ተወልዶ ፊደል ያልቆጠረ ልጅስ? ለእርሱ የሚታየው የቃል ነገር ነው። አፉን የፈታው ዘግይቶ ነበርን? የሳምንቱን ቀናት በቅደም ተከተል ለመያዝ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ የበለጠ ተቸግሯልን? የሰማውን ተረት መልሶ መናገር ይችላልን? ከአባት፣ ከእናት፣ ከአጎት ወይም ከአክስት ወገን በንባብ የተቸገረ አለን? ዲስሌክሲያ በዘር ሐረግ የሚወርድ በመሆኑ የመጨረሻው ጥያቄ ክብደት አለው፤ «ሰነፍ» ተብሎ ትምህርቱን ያቋረጠ ዘመድ ታሪክ እዚህ ላይ ዋጋ ያገኛል።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ልጁ በበቂ ሁኔታ ሳይማር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በ2010 በኢትዮጵያ በተደረገ የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ በክፍላቸው ደረጃ ከተዘጋጀ አጭር ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከሦስት ልጆች አንዱ የመማር ችግር አለበት ሊባል አይቻልም፤ ችግሩ የማስተማሩ ነው። ከእንዲህ ያለ ክፍል የመጣ ልጅ የሚያስፈልገው የንባብ ትምህርት እንጂ ስያሜ አይደለም።

ሕጉ ምን ይሰጣል?

በ1975 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት የፌዴራል ሕግ እነዚህን ነጥቦች አካትቷል። ምዘናው፣ ፈጽሞ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ እና ትክክለኛ መረጃ በሚያስገኝ መንገድ መሰጠት አለበት። በአንድ ፈተና ብቻ መወሰን አይቻልም። የችግሩ ዋና ምክንያት የእንግሊዝኛ አለመቻል ወይም ተገቢ ትምህርት አለማግኘት ከሆነ ልጁ ጉዳተኛ ሊባል አይችልም። ምዘናው ለወላጅ በነጻ ነው፤ በግል ቢደረግ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ ይችላል።

ወላጅ የትምህርት ቤቱን ፖስታ መጠበቅ የለበትም፤ ራሱ ምዘና መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው በጽሑፍ ቢሆንና ቀን ቢኖረው ይመረጣል። «መጀመሪያ በክፍል ውስጥ የተጨማሪ እርዳታ ደረጃዎቹን ይጨርስ» የሚል መልስ ቢሰጠው የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት በ2011 ለግዛቶች በላከው ማስታወሻ እርዳታው ምዘናን ለማዘግየት ምክንያት እንዳይሆን ማሳሰቡን ማወቅ ይጠቅማል። ጆርጂያ በ2019 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪዎች ሁሉ ለዲስሌክሲያ የመጀመሪያ ማጣሪያ እንዲደረግላቸው አዝዛለች። ማጣሪያው ግን ጠቋሚ እንጂ ሙሉ ምዘና አይደለም።

ብዙ ነገር የሚበላሸው ልጁ በሚመዘገብበት ዕለት ነው። የምዝገባው ቅጽ በቤት ስለሚነገረው ቋንቋ ይጠይቃል። አንዳንድ ወላጅ ልጁ ወደ ኋላ እንዳይደረግበት ፈርቶ «እንግሊዝኛ» ብሎ ይሞላል። ከዓመታት በኋላ መዛኙ መዝገቡን ሲከፍት ሁለተኛ ቋንቋ የሚባል ነገር አያገኝም፤ ድንጋዩ ሚዛኑ ላይ መኖሩን የሚነግረው የለም። የቤቱ ቋንቋ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ሆኖ ሳለ «ኢትዮጵያዊ ስለሆነ አማርኛ ይሆናል» ተብሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ሲመደብም ስህተቱ ያው ነው።

በስብሰባው ላይ ወላጅ እንዲረዳ አስተርጓሚ የማቅረብ ኃላፊነት የትምህርት ቤቱ ነው። የልጁ ታላቅ እህት ለዚህ ሥራ መቀመጥ የለባትም፤ ስለ ወንድሟ የሚባለውን ከባድ ቃል ለእናቷ የምታለዝበው እርሷ ትሆናለችና። ለምዘና የተሰጠ ፊርማም ልጁን በልዩ ትምህርት ለማስገባት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ፊርማ ያስፈልጋል። ልጁ እርዳታ ይገባዋል ከተባለ በ30 ቀን ውስጥ የግል የትምህርት ዕቅድ ሊወጣለት ይገባል፤ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱም፣ ወላጅና ትምህርት ቤት አያስፈልግም ብለው ካልተስማሙ በቀር፣ እንደገና ይመዘናል። ወላጅ በውጤቱ ካልተስማማ በሕዝብ ወጪ በሌላ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲደገም መጠየቅ ይችላል፤ የትምህርት ወረዳው ወይ ይከፍላል ወይም የራሱ ምዘና ትክክል መሆኑን በችሎት ያስረዳል።

በጆርጂያ ትምህርት ቤቱ ምዘናውን ለመጨረስ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ረዘም ያሉ የዕረፍት ቀናት አይቆጠሩም። ቆጠራው የሚጀምረው ትምህርት ቤቱ የተፈረመውን ፈቃድ ከተቀበለበት ቀን ነው። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ እስካለ ድረስ የመጀመሪያው ቀን አይመጣም።